ባለ አምስት ጣዕሙ ፍሬ

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ደኖች ውስጥ በዛፍ ግንድ ላይ እየተጠመጠመ ሽቅብ የሚወጣ ሐረግ ይበቅላል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም አተር የሚያካክሉ ደማቅ ቀይ ፍሬዎች በዘለላ በዘለላ ይንጠለጠሉበታል። ቻይናውያን ይህን ፍሬ ዉዌይዚ ይሉታል፤ «ባለ አምስት ጣዕም ፍሬ» ማለት ነው። ስሙ ለማሞገስ የወጣ አይደለም፤ ፍሬውን የቀመሰ ሁሉ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ659 የተጠናቀቀው የመድኃኒት መጽሐፍ እንደሚያስረዳው ልጣጩና ሥጋው ይጣፍጣል፣ ይኮመጥጣል፤ በውስጡ ያለው ዘር ያቃጥላል፣ ይመራል፤ በሁሉም ላይ ደግሞ ጨው ጨው የሚል ነገር አለ። አብዛኛው የመድኃኒትነት ኃይሉ የሚገኘውም ቀማሹ ሊተፋው በሚፈልገው በዚሁ መራራ ዘር ውስጥ ነው።

የሳይንስ ስሙ ሺሳንድራ ቺነንሲስ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቱርቻኒኖቭ በ1837 በሌላ ስም መዘገበው፤ ፈረንሳዊው ኦንሪ ባዮን በ1868 አሁን ወደሚታወቅበት ወገን አዛወረው። ከቻይና ሌላ በኮሪያ፣ በጃፓንና በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ በአሙር ወንዝ አካባቢ ይበቅላል። ስታር አኒስ የተባለው ኮከብ መሳይ ቅመም የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም የሚመደቡበት ወገን ከሌሎቹ አበባ አውጪ ዕፅዋት እጅግ ቀደም ብሎ የተለየ ጥንታዊ ዘር ነው። በዉዌይዚ ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋና ኬሚካሎች ከዚህ ቤተሰብ ውጭ እምብዛም የማይታዩት ምናልባት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮሪያውያን ኦሚጃ፣ ጃፓናውያን ጎሚሺ ይሉታል። ሁለቱም ያንኑ የቻይና ጽሕፈት በየራሳቸው ቋንቋ አንብበውት ነው። ሩሲያውያን ግን ቅጠሉና ልጣጩ ሲታሽ የሎሚ ሽታ ስላለው ሊሞኒክ ብለው ሰየሙት። በኮሪያ የሙንግዮንግ ከተማ በዚህ ፍሬ እርሻ ስሟ የታወቀ ነው። የኮሪያ ባለሙያ ሴቶች የደረቀውን ፍሬ በፈላ ውኃ አይነክሩትም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል። ሙቅ ውኃ ከዘሩ ምሬቱን ያወጣል፤ ቀዝቃዛው ግን ቀይ ቀለሙንና ደስ የሚል ኮምጣጣነቱን ብቻ ይሰጣል። ለመጠጥነት ይህ ብልሃት ነው። ለመድኃኒትነት ግን ዋናውን ነገር ትቶ ማለፍ ይሆናል።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ዉዌይዚ ከጥንት ጀምሮ ከፍ ያለ ቦታ አለው። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ገደማ የተጠናቀረውና 365 መድኃኒቶችን በሦስት ደረጃ የከፈለው የሸንኖንግ የመድኃኒት መጽሐፍ ፍሬውን በላይኛው ደረጃ አስፍሮታል። ይህ ደረጃ ረዘም ላለ ጊዜ ቢወሰዱ ሰውነትን ያጠነክራሉ ለሚባሉት የተለየ ነው። በቻይና ሐኪሞች ትምህርት እያንዳንዱ ጣዕም ወደ አንድ የሰውነት ክፍል ይሄዳል፦ ኮምጣጣው ወደ ጉበት፣ መራራው ወደ ልብ፣ ጣፋጩ ወደ ጣፊያ፣ የሚያቃጥለው ወደ ሳንባ፣ ጨዋማው ወደ ኩላሊት። አምስቱንም ጣዕም የያዘ ፍሬ ለአምስቱም ክፍሎች ይደርሳል የሚለው እምነት ከዚህ የመጣ ነው። ሥራውን ሲገልጹትም የሚያፈስሰውን የሚገታ፣ የተበተነውን የሚሰበስብ ይሉታል። ስለዚህ ለማያቋርጥ ሳል፣ ለበዛ ላብ፣ ለሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ለቆየ ተቅማጥ፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለልብ ትርታ ይታዘዛል።

ባህሉ ግን ፍሬውን ብቻውን አያዝዝም። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኖረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር ባዘጋጀው «ትንሹ ሰማያዊ ዘንዶ» በተባለው ቅመማ ውስጥ ዉዌይዚ ከዝንጅብልና ኤፌድራ ከተባለ ተክል ጋር ይገባል። «የልብ ምትን መላሽ» ተብሎ በሚታወቀው ሌላ ቅመማ ደግሞ ከጂንሰንግና ከአንድ ሌላ ሥር ጋር ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። የቀን መጠኑም ከ2 እስከ 6 ግራም ብቻ ነው። ዛሬ በትልልቅ ጠርሙስ ታሽጎ ለብቻው የሚሸጠው የፍሬው ዱቄት የጥንት ባህል ተብሎ ቢቀርብም፣ ባህሉ የሚያውቀው አወሳሰድ እንዲህ አይደለም።

ፍሬው ከቻይና ሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው በመጀመሪያ በሩሲያ በኩል ነው። በአሙር ወንዝ ዳርቻ የሚኖሩት ናናይ የተባሉ ሕዝቦች ለረጅም አደን ሲወጡ የደረቀ ፍሬ በስንቃቸው ይይዙ ነበር። ጥቂቱን አኝከው ቀኑን ሙሉ ያለ ብዙ ምግብ አውሬ መከተል እንደሚችሉ፣ ጥማትና ድካም እንደሚቀንስላቸው፣ በጨለማም የተሻለ እንደሚያዩ ይናገሩ ነበር። ይህ ወሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶቪየት ኅብረትን ተመራማሪዎች ሳበ። ያልተኙ ወታደሮችንና አብራሪዎችን ነቅተው የሚያቆይ ነገር ይፈለግ ነበርና በፍሬውና በዘሩ ላይ ሙከራ ተጀመረ። በ1947 የሶቪየቱ ተመራማሪ ኒኮላይ ላዛሬቭ «አዳፕቶጅን» የሚለውን ቃል አወጣ፤ ሰውነት ብርድን፣ ድካምን፣ መርዝንና ሌላውንም ጫና እንዲቋቋም በጥቅሉ የሚያግዝ ነገር ለማለት ነው። ሊሞኒክም በዚህ መደብ ውስጥ ገብቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ሕክምና በይፋ ታወቀ፤ ከዘሩና ከፍሬው በአልኮል የተዘጋጀ ጠብታም በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር።

የሶቪየት ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚነጻጸር ቡድን ያልነበራቸው ወይም በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ዛሬ በሚጠየቀው ሚዛን ሲመዘኑ ይቀላሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2008 ባወጣው ጽሑፍ «አዳፕቶጅን» የሚለው ቃል በሕክምና ሳይንስ ተቀባይነት ያገኘ ስያሜ አለመሆኑን ገልጿል። አዳኞቹ ያዩት ነገር ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሰው ነቅቶ መዋሉ ግን ከበሽታ መዳን አይደለም፤ የፍሬው ትልቁ የሕክምና ታሪክም ያለው በሌላ ቦታ ነው።

ያ ቦታ ጉበት ነው። ሄፓታይተስ ቢ ለቻይና ከባድ የሕዝብ ሕመም ነበር፤ በ1992 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 9.75 በመቶ የሚሆነው ቫይረሱን በደሙ ተሸክሞ ተገኝቷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክትባትም ሆነ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት በእጅ አልነበረም። በዚህ ችግር መካከል ሐኪሞች የዉዌይዚ ዱቄት የወሰዱ ሕሙማን በደማቸው ውስጥ ያለው ኤኤልቲ የተባለ ኤንዛይም ዝቅ እንደሚል አስተዋሉ። ኤኤልቲ መኖሪያው የጉበት ሕዋስ ውስጥ ነው። ሕዋሱ ሲጎዳ እንደተቀደደ ጆንያ ይዘቱን ወደ ደም ያፈስሳል። ስለዚህ ሐኪም የጉበትን ጉዳት የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ኤኤልቲ በማየት ነው።

በቤጂንግ የቻይና የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ የመድኃኒት ምርምር ተቋም ይህን ምልከታ ተከትሎ ፍሬውን ፈታትቶ መረመረ። ሥራውን የሚሠሩት ሊግናን የሚባሉ ውህዶች ሆነው ተገኙ። ሺሳንድሪን፣ ሺሳንድሪን ቢ፣ ሺሳንድሪን ሲ፣ ጎሚሲን ኤ እየተባሉ የሚዘረዘሩ ሲሆን እስከ ዛሬ የተለዩት ከ40 ይበልጣሉ። በብዛት የሚገኙት በዘሩ ውስጥ ነው፤ በውኃ ደግሞ በደንብ አይሟሙም። በውኃ ብቻ የተዘፈዘፈ ወይም የተቀቀለ ፍሬ ጣዕሙን እንጂ ይህን ንጥረ ነገር በቂ አድርጎ የማይሰጠው፣ የአልኮል ጭምቅ ወይም ዘሩ ጭምር የተፈጨበት ዱቄት ግን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎቹ ሺሳንድሪን ሲን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲጥሩ መንገድ ላይ ዲዲቢ ወይም ቢፌንዴት የተባለ ቀለል ያለ ውህድ አገኙ። ከተክሉ ይልቅ በርካሽና በብዛት የሚመረት ሆነ። በቻይና በስፋት ታዘዘ፤ በኮሪያና በግብፅም ጥቅም ላይ ዋለ። የሕሙማኑ ኤኤልቲ በእርግጥ ወረደ። ይሁን እንጂ ክኒኑ ሲቋረጥ በብዙዎቹ ላይ ተመልሶ ወጣ፤ ቫይረሱም አልጠፋም፤ ሌሎቹ የጉበት መለኪያዎች እንደ ኤኤልቲ አልተሻሻሉም። ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ መድኃኒቱ ጉበቱን ነው ያዳነው ወይስ ቁጥሩን ብቻ ነው ያወረደው? ቁጥር መውረዱ ብቻውን የመዳን ማስረጃ እንደማይሆን የዲዲቢ ታሪክ በግልጽ አሳይቷል።

በዚሁ ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ከሌላ ባህላዊ ተክል የተገኘው አርቴሚሲኒን ፍጹም የተለየ ዕድል ገጠመው። ተመራማሪዋን ቱ ዩዩን በ2015 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ይህ ንጥረ ነገር የወባን ተሕዋስ ይገድላል፤ ከእርሱ የተሠራ ውህድም ኮአርተም በሚባለው ክኒን ውስጥ ሆኖ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሳይቀር ይታወቃል። ከዉዌይዚ የመጣው ክኒን ግን በሽታ አምጪውን አይነካም፤ የሚሠራው በታማሚው ሕዋስ ላይ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ሁለቱን ታሪኮች ለያይቷቸዋል።

የቤጂንጉ ተቋም በዚህ አላበቃም። የዲዲቢን ቅርጽ አሻሽሎ ባይሳይክሎል የተባለ አዲስ መድኃኒት ሠራ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቻይና ተፈቅዶ እስከ ዛሬ ይታዘዛል። በመድኃኒት ምክንያት ጉበታቸው በተጎዳ ከ200 በላይ ሕሙማን ላይ በበርካታ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2022 የታተመ ሙከራ፣ ባይሳይክሎል የወሰዱት ከማነጻጸሪያው መድኃኒት ይልቅ ኤኤልቲያቸው ቶሎ ወደ ጤናማው መጠን እንደተመለሰ አሳይቷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ውጤት ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ በቤተ ሙከራ የተሠራው የባይሳይክሎል ነው እንጂ የፍሬው አይደለም። ሻጮች ሁለቱን ማምታታት ስለሚወዱ ልዩነቱን ይዞ መቆየት ያስፈልጋል።

ሊግናኖቹ ጉበትን የሚረዱት እንዴት ነው? በእንስሳትና በሕዋስ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ሁለት መንገድ ያሳያሉ። የመጀመሪያው መከላከያን ማጠናከር ነው። ሊግናኖቹ ኤንአርኤፍ2 የተባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ፤ እርሱም ሕዋሱ ግሉታታዮንን የመሰሉ መርዝ አምካኝ ንጥረ ነገሮችን አብዝቶ እንዲያመርት ያዛል። ሁለተኛው መርዙ ከመነሻው እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ሲወሰድ ጉበትን የሚገድለው ራሱ ክኒኑ አይደለም፤ የጉበት ኤንዛይሞች ሲሰባብሩት የሚወጣው ቅሪት ነው። ሊግናኖቹ እነዚህን ኤንዛይሞች ስለሚያዘገዩ ቅሪቱ ያንሳል። ከፓራሲታሞሉ በፊት የዉዌይዚ ጭምቅ የተሰጣቸው አይጦች ጉበታቸው የተረፈው በሁለቱም መንገድ ነው።

የፍሬው ተስፋና አደጋ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱት እዚህ ላይ ነው። ሊግናኖቹ የሚያዘገዩት ኤንዛይም ለፓራሲታሞል ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባለው ዋናው ኤንዛይም ሰዎች ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች እጅግ ብዙዎቹን የሚያስወግድ ነው። አንጀት ውስጥ ደግሞ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል፣ የገባውን መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ አለ፤ እርሱንም ያዳክሙታል። ኤንዛይሙ ሲዘገይ፣ ፓምፑም ሲደክም፣ በልኩ የታዘዘ መድኃኒት በደም ውስጥ ተከማችቶ ከልኩ ያልፋል።

በሰው ላይ በግልጽ ከተረጋገጡት የዉዌይዚ ሥራዎች ዋነኛውም ይህ ነው። ታክሮሊመስ የኩላሊት ወይም የጉበት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት ነው። መጠኑ ሲያንስ አካሉ ይገፋል፤ ሲበዛ ኩላሊትን ይመርዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። በቻይና የተሠራና በ2007 የታተመ ጥናት ለ12 ጤናማ ሰዎች ታክሮሊመስን ለብቻው፣ ከዚያም በደቡብ ከሚበቅለው የዉዌይዚ ዘመድ ከተዘጋጀ ዉዢ የተባለ ጭምቅ ጋር ሰጠ። ከጭምቁ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የነበረው የታክሮሊመስ መጠን በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሚዳዞላም በተባለው የማደንዘዣና የማስተኛ መድኃኒት ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

የቻይና ሐኪሞች ይህን አደጋ ወደ ጥቅም መልሰውታል። ታክሮሊመስ ውድ ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ቶሎ ስለሚያስወግዱት ብዙ መውሰድ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ በንቅለ ተከላ ክፍሎች ዉዢን አብረው በማዘዝ በትንሽ ታክሮሊመስ የሚፈለገውን መጠን ያገኛሉ፤ በዚያውም ጉበቱን ይረዳል ብለው ያስባሉ። ይህ በሆስፒታል፣ በባለሙያ ዓይን ሥርና ደም እየተለካ ሲሆን ብልህ አሠራር ነው። ያው ፍሬ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ በሻይ ወይም በዱቄት መልክ ቢገባ መርዝ እስከ መሆን ይደርሳል።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ግኝትም አለ። በ2006 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዉዌይዚ ለተወሰኑ ቀናት ሲሰጥ ደም አቅጣኙ ዋርፋሪን ከሰውነት ቶሎ እንዲወገድ እንዳደረገ አሳይቷል። ፍሬው አንዱን ኤንዛይም ሲያዘገይ ሌላውን ያነቃል ማለት ነው። የአንዱ መድኃኒት መጠን ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከዝቅታውም ከከፍታውም ጉዳት ይመጣል።

ስለ ሌሎቹ ጥቅሞች የሚነገረው ከዚህ ያነሰ ማስረጃ አለው። በኮሪያ ለ12 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ሚሊ ግራም ጭምቅ የወሰዱ ሴቶች የጭን ጡንቻቸው ጥንካሬ ከማነጻጸሪያው ቡድን የተሻለ ጨመረ። የወር አበባቸው ሊቋረጥ በደረሰ ሴቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት የሙቀት ስሜት፣ ላብና የልብ ትርታ እንደቀነሰ ዘግቧል። ሁለቱም ጥናቶች በጥቂት አሥርት ሰዎች የተወሰኑ ናቸው። ጥንታውያኑ ሐኪሞች ላብንና የልብ ትርታን ይገታል ማለታቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ ሁለተኛው ውጤት ትኩረት የሚስብ ነው፤ ይሁንና መድኃኒት ተብሎ ለመታዘዝ በብዙ መቶ ሰዎች ላይ መደገም አለበት። ካንሰርን፣ ስኳርንና የመርሳት በሽታን ያድናል የሚለው ወሬ ደግሞ በሕዋስና በአይጥ ሙከራ ላይ የቆመ ነው።

ገዢው የሚያገኘው ፍሬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ከሰሜኑ ሺሳንድራ ቺነንሲስ ሌላ በመካከለኛውና በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሚበቅል ሺሳንድራ ስፌናንቴራ የተባለ ዘመዱ አለ። በ1596 የታተመው የሐኪሙ የሊ ሺዠን ትልቁ የመድኃኒት መጽሐፍ የሰሜኑንና የደቡቡን ለይቶ ጽፏል፤ የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዘርዝር ግን ሁለቱን ለየብቻ ያሰፈረው በ2000 ነው። የሊግናን ይዘታቸው ይለያያል። የሰሜኑ ቢያንስ 0.40 በመቶ ሺሳንድሪን ሊኖረው ይገባል፤ የደቡቡ የሚለካው ሺሳንቴሪን ኤ በተባለ ሌላ ውህድ ነው። ማሸጊያው ላይ «ሺሳንድራ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዕቃ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

የደቡቡ ፍሬ አብዛኛው የሚለቀመው ከዱር ነው፤ ጫካውም የፓንዳዎች መኖሪያ ነው። ቀድሞ አንዳንድ ለቃሚዎች ፍሬው ላይ ለመድረስ ሐረጉን ከነግንዱ ይቆርጡት ነበር። በሲቹዋን ክፍለ ሀገር በፒንግዉ ወረዳ የተጀመረ ሥራ ይህን ለውጧል፤ ለቃሚዎቹ ከሐረጉ የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይለቅማሉ፣ የላዩን ዘር ለሚበትኑት ወፎችና አራዊት ይተዋሉ። ፌርዋይልድ የተባለውን የዱር ምርት ደረጃ ስላሟሉም ፍሬያቸውን ወደ ውጭ ገበያ ይልካሉ።

በምግብ መጠን የሚጠጣ የኦሚጃ መጠጥ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው የሚያሰጋ አይደለም። ጭምቁና ዱቄቱ ግን በአንዳንዶች ላይ ቃር፣ የሆድ ሕመምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ያስከትላሉ። የሩሲያ ሐኪሞች ለሚጥል በሽታ፣ ለከፍተኛ የደም ግፊትና፣ ከቻይና ባህል በተቃራኒ፣ ለእንቅልፍ ማጣት ሕሙማን አይሰጡትም፤ ማሕፀንን ሊያነቃ ስለሚችልም ነፍሰ ጡር ሴት ልትወስደው አይገባም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ፍሬውን ቫይረሱን በሚገታው መድኃኒት ፋንታ ሊወስደው አይገባም፤ ፍሬው ቫይረሱን አይነካውምና። የንቅለ ተከላ፣ የደም ማቅጠኛ ወይም ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ዉዌይዚ፣ ሺሳንድራ፣ ኦሚጃ ወይም ሊሞኒክ የሚል ነገር ከመጀመሩ በፊት ማሸጊያውን ይዞ ሄዶ መድኃኒቱን ላዘዘለት ሐኪም ያሳይ።